በከል የተነሱት የሠርግ ፎቶ

ባለፈው ወር የተርጓሚዎች ቢሮው በጡረታ ሸኘኝ። አበባ ሰጡኝ፣ አጨበጨቡልኝ፤ አለቃችንም ብድግ ብላ «ዘነቡ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው አላስቀየመችም» አለች። እኔ ፈገግ ብዬ ተቀመጥኩ። አንድም ሰው! ቤቴ ገብቼ አበባውን ውሃ ውስጥ እንኳ ሳልከት ጠረጴዛ ላይ ጣልኩት።

የሥራ ዘመንሽን ለማኅበራችን መጽሔት ጻፊልን ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ልጆቼን ላደርስ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ልጅ አዝዬ ነው። ስለዚህ ወዲያና ወዲህ ብል ታገሡኝ፤ እግሬም ምላሴም መዞር የለመዱ ናቸው። ከወሎ ቃሉ አሰብ፣ ከአሰብ ፖርት ሱዳን፣ ከዚያ ካርቱም፣ ከካርቱም እዚህ ቶሮንቶ። በደረስኩበት የሰው ቤት እየሠራሁ ቋንቋ ለቀምኩ። ትግርኛውን ከአሰብ ጎረቤቶቼ፣ ዐረብኛውን ከካርቱም አሠሪዬ፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ እዚሁ ወለል እየጠረግሁ ከምሰማው ሬዲዮ። የማነበው ግን አማርኛ ብቻ ነው፤ እሱንም በጣቴ እየተከተልኩ።

ጡረታ የወጣሁትም በዚሁ ነው። አሁን ተርጓሚ ሁሉ በጽሑፍ ይፈተናል ተባለ። ልጆቼ «ግፍ ነው ማሚ፣ ኮምፕሌን እናድርግ» አሉኝ። ግፍ አይደለም። የሰው ኑሮ በአፉ ላይ የሚያልፍ ሰው ቢፈተን ደግ ነው። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው፤ እሱን ልንገራችሁ።

ወደ ሥራው የገባሁት በመጥረጊያ በኩል ነው። ዳንፎርዝ መንገድ ላይ፣ ከጫማ ሰፊው በላይ ያለ የጠበቃ ቢሮ አጸዳ ነበር። ጠበቃዋ ከትሪኒዳድ የመጣች፣ ስትናገር ደረጃው ድረስ የምትሰማ ሴት ናት። አንድ ቀን ሁለት ያገሬ ልጆች መጥተው ከሷ ጋር መግባባት ሲያቅታቸው ባልዲዬን በር ላይ ትቼ ገባሁና ተረጎምኩ። በሳምንቱ «ማክሰኞ ማክሰኞ ባልዲውን ተይው፣ ወንበር ላይ ተቀመጪ» አለችኝ። ክፍያው ከመጥረጉ እምብዛም አይበልጥም፤ ደስ ያለኝ ግን መቀመጤ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሱሩር ናቸው። የሐረር ሰው ናቸው፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ዐረብኛ፣ አደርኛ፣ ሁሉንም የእናታቸው ቋንቋ ይመስል ይናገሩታል። መንግሥት የስደተኛ ጉዳይ በሚሰማበት ክፍል ውስጥ ዋናው ተርጓሚ እሳቸው ነበሩ። አጭር ስለሆኑ በጋዜጣ የተጠቀለለች ትራስ ይዘው ይመጣሉ። ወንበሩ ላይ አድርገዋት ሲቀመጡ ከዳኛውም ከባለጉዳዩም እኩል ይሆናሉ። «ዘነቡ፣ ከታች ወደ ላይ የሚተረጉም ሰው ይለምናል፤ ከላይ ወደ ታች የሚተረጉም ያዝዛል» ይሉኝ ነበር። ከባለጉዳዩ አጠገብ አይቀመጡም፣ ፊት ለፊቱም አይቀመጡም፤ ወንበራቸውን ጎትተው በጎን ይሆናሉ። ጉዳዩ በሚሰማበት ቀን ከባለጉዳይ እጅ ውሃ እንኳ አይቀበሉም።

እኔ ፈጥኜ መጻፍ ስለማልችል በመሀረብ ማስታወስ አስተማሩኝ። አራት ጫፍ አለው፤ የመጀመሪያው ጫፍ ማን፣ ሁለተኛው የት፣ ሦስተኛው መቼ፣ አራተኛው ስንት። ሰውየው ረጅም ሲናገር ጫፍ በጫፍ እቆነጥጣለሁ፤ ስተረጉም ደግሞ አንድ በአንድ እለቃለሁ። ይህንን ያደረገ ሰው ቁጥር አይጠፋበትም። እስካሁን ገበያ ስሄድ በመሀረብ ነው የማስታውሰው።

«ሰውየው ‹እኔ› ካለ ‹እኔ› በይ» ይሉኛል። «‹እሱ እንዲህ አለ› ብሎ ነገር የለም። የተከራዩት አፍሽን ነው። ከሰደበ ስደቢ፤ ከዋሸ ዋሺ።»

«እንዴት አድርጌ እዋሻለሁ ጋሽ ሱሩር? እኔ እኮ ቆራቢ ነኝ።»

«ውሸቱ የሱ ነው። አንቺ ካስተካከልሽው ግን ያንቺ ይሆናል። ርኅራኄሽን ከኮትሽ ጋር መስቀያው ላይ ስቀዪው። ስትወጪ ታገኚዋለሽ፤ በዚህ አገር ርኅራኄ የሚሰርቅ የለም።»

እንዲህ እያሉ አስለመዱኝና በኋላ ስሜን ወደ ተርጓሚዎቹ ዝርዝር አስገቡት። ከጠበቃዋ ቢሮ ሌላ ትምህርት ቤትም፣ ሆስፒታልም፣ የስደተኛ ጉዳይ ዘንድም ይልኩኝ ጀመር።

አሁን ወደ ነገሬ። በዚያ ሰሞን፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ማለቴ ነው፣ ደርግ ወድቆ ሰዉ ሁሉ አገሩን ሊያይ ይሄዳል፤ አግብቶ ይመለሳል፤ ያገባውን ስፖንሰር አድርጎ ያስመጣል። ለብዙዎቹ ተርጉሜያለሁ። አንዱ ባለ ታክሲ ስልሳውን ያለፈ ሰው ነው፤ ያገባት ልጅ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከቪዛዋ በኋላ የኢሚግሬሽን ሰዎች ስለ ወረቀቷ ጥያቄ አለን ብለው ጠሯቸውና እኔ ተረጎምኩ። ሠራተኛው ወረቀቱን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ ከዚያ ሳቀና «እድለኛ ሰው ነዎት» አለው። አለቀ። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ይዛ «እማማ፣ አባቴ እንኳ ከሳቸው ያንሳል» አለችኝ። ጥያቄ ቢጠይቋት ኖሮ እተረጉምላት ነበር። ማንም አልጠየቃትም።

አስካለ ጠበቃዋ ቢሮ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። በሱዳን በኩል የመጣች፣ ከከተማው ዳር ሬክስዴል የምትኖር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለው ሆቴል አንሶላ የምታጥብ ሴት ናት። አርባ ዓመቷ ነበር። እናቷ በጠና ታመው አዲስ አበባ ሄዳ ሦስት ወር አስታመመች። ታምራት የቀበሌው ክሊኒክ ድሬሰር ነው፤ ጠዋትና ማታ እየመጣ እናቷን መርፌ ይወጋል፣ ያገላብጣል፣ ያጥባል። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። እናቲቱ ከመሞታቸው በፊት የሁለቱን እጅ ይዘው «ጋብቻችሁን እንዳታቆዩት» ብለው ቃል አስገቧቸው። እንዴት ፍቅር ያዘሽ ብላችሁ ብትጠይቋት «እማዬን ሲያጥባት ፊቱን አያዞርም ነበር» ነው የምትላችሁ። ለኔ ይበቃኛል። ለመንግሥት አልበቃም።

ለኛም ሰው አልበቃም፤ እውነቱን እንናገር። ዳንፎርዝ ላይ ያሉት ሱቆች ውስጥ ስሟ ሲነሳ «አስካለ ስፖንሰር ነው ያደረገችው ወይስ ጉዲፈቻ?» ይባባላሉ። «ዩኒፎርም ገዛችለት ወይ?» ይላል አንዱ። ያ ባለ ታክሲ ራሱ፣ ልጁን የምታክል ሚስት ያመጣው፣ ከሁሉ በላይ ይስቃል። አንድ ቀን እኔ «አንተስ ያንተዋን ጡት አስጥለህ ነው ያመጣሃት?» ስለው ሰዉ ሳቀበት፤ እኔ ግን በሳቁ አልበረደልኝም።

ማክሰኞ ነው። ጠበቃዋ ወደ ፍርድ ቤት ስልክ እየደወለች ወዲያ ክፍል ናት። አስካለ የስፖንሰር ቅጹ ላይ የሚያያዘውን ፎቶ ከፖስታ አውጥታ ለኔ ዘረጋችልኝ።

«ይሄ የሠርግ ነው የለቅሶ?» አልኳት።

«የሠርግ ነው እትዬ ዘነቡ።»

ፎቶው ላይ አስካለ ከል ለብሳለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ታምራት ጥቁር ሸሚዝ፤ ጢሙ አድጓል። ከኋላቸው አሥራ አንድ ሰው ቆሟል፤ አንድም ጥርስ አይታይም። አክስቷ ዓይናቸውን በነጠላ ይዘዋል።

«የእማዬ አርባ በወጣ በሳምንቱ ነው» አለችኝ። «ፈቃዴ እያለቀ ነበር። ሽማግሌዎቹ የእናት ቃል ነው ብለው ፈቀዱ፤ ግን ነጭ አይለበስም፣ ከበሮ አይመታም፣ እልል አይባልም አሉ። እኛም እሺ አልን። ቆሎ ቀረበ፣ ተመረቅን፣ ፈረምን፣ አለቀ።»

እዚህ ላይ ነው የኔ ጥፋት። ርኅራኄዬን የምሰቅልበት መስቀያ ጠፋብኝ።

«ልጄ፣ ይሄንን ፈረንጅ ቢያይ ተገዳ ነው ያገባችው ይላል» አልኳት። «ሐዘን ነው ብትዪው ማን ይረዳሻል? ለዓመት ፈቃድሽ ስትሄጂ ቬሎ ተከራዪና ፎቶ ቤት ሄዳችሁ ነጭ ለብሳችሁ ተነሱ። የሠርግ ፎቶ ብለሽ እሱን አስገቢ። ይሄኛውን ቤትሽ አስቀምጪው።»

«ለጠበቃዋ ልንገራት?»

«ምን ብለሽ ነው የምትነግሪያት? ፎቶ ፎቶ ነው።»

ፎቶ ፎቶ ነው! ይህችን አፌን።

አመነችኝ። ትልቅ ሰው ነኝ፣ ጠበቃ ቢሮ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፣ ለምን አታምነኝም? ማመልከቻውን ሳታስገባ አራት ወር ጠበቀች። ሄዳ ቬሎ ተከራየች፤ ታምራት የጓደኛውን ሱፍ ለበሰ፤ ፎቶ ቤቱ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ፊት አቆማቸው፤ ኬክም ነበር፣ የካርቶን። ተመልሳ አሳየችኝ። «አሁን ሠርግ መሰለ» አልኩና ራሴ ፖስታው ውስጥ ከተትኩት። እሷ ግን ፎቶውን አልነበረም የምታየው። «እትዬ፣ ቪዛው ቢዘገይ ይዘግያል፤ ማሕፀኔ ግን ወረፋ አይጠብቅም» አለችኝ። ልጅ ነው የፈለገችው። አርባ ላይ ለቆመች ሴት አንድ ዓመት አንድ ዓመት አይደለም።

ታምራትን እዚያው አዲስ አበባ ኢንተርቪው ሲያደርጉት ጠያቂው ነጩን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «በዚህ ቀን እንግዶቹ ምን በሉ?» አለው። ታምራት ውሸት አያውቅም፤ እሷም ዋሽ አላለችውም። «በዚህ ቀን እንግዳ የለም። ይሄ ከሠርጉ አምስት ወር በኋላ ፎቶ ቤት የተነሳነው ነው» አለ። «ታዲያ ለምን የሠርግ ፎቶ ተባለ?» ቢለው «ባለቤቴ ናት የላከችው» ብሎ እውነቱን ተናገረ። ጠያቂው ጻፈ። በሁለት ወሩ ደብዳቤ መጣ። ሚስት ከባል በአሥራ ስድስት ዓመት መብለጥ በአገራችሁ ባህል አልተለመደም፤ ፎቶው ለማታለል የተሠራ ነው፤ ጋብቻው ካናዳ ለመግባት የተደረገ ነው። ተከልክሏል።

ባህላችንን የነገረው ማነው? ማንን ጠይቆ ነው? ሽማግሌው ልጅ ሲያመጣ ባህል ነው፤ ሴቲቱ ስታመጣ ማታለል ነው።

እኔ ያን ጊዜ የልጄን ልጅ ላጥብ ኦታዋ ነበርኩ። አስካለ በስልክ አገኘችኝ።

«ሪፊውዝ አደረጉኝ እትዬ።»

«በምን?»

«በፎቶው።»

መስመሩ ላይ የልብስ ማጠቢያው መኪና ሲጮህ ይሰማል፤ ከሥራዋ ነው የደወለችው።

«አይዞሽ» አልኳት።

አይዞሽ! ስንት ጥፋት በዚህች ቃል እንሸፍናለን። «ዘነቡ ናት ያለችኝ ብለሽ ለጠበቃዋ ንገሪያት» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በዝርዝሩ ላይ ስሜ ከገባ ገና አንድ ዓመቱ ነው፤ ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ።

ጠበቃዋ ይግባኝ አለችላት፤ እስኪሰማ ከዓመት በላይ ፈጀ። በመካከሉ አስካለ በየፈቃዷ እየሄደች ሁለት ሁለት ሳምንት ከባሏ ጋር ትሆናለች፤ እየተመለሰችም በየወሩ እንዳላረገዘች ስታውቅ ታለቅሳለች። የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ሱሩር አሟቸዋል፤ ሌላ አማርኛ የለም፤ ነይ ተባልኩ። የማን ጉዳይ እንደሆነ ያወቅሁት በሩ ላይ ነው።

ጠበቃዋ ስታየኝ ለዳኛዋ ተናገረች፤ ይህች ሴት በኔ ቢሮ ለዚህች ባለጉዳይ ተርጉማለች አለች። የመንግሥት ጠበቃ፣ ወጣት ነው፣ ትከሻውን ነቅንቆ «እኔ ቅር አይለኝም» አለ። ዳኛዋ ወደ እኔ ዞረች። «በዚህ ጉዳይ ላይ በትክክል እንዳትተረጉሚ የሚከለክልሽ ነገር አለ?» አለችኝ።

ነገሩ ሁሉ በዚያች ጥያቄ ውስጥ ነበር። ጥያቄዋን ራሱ ለአስካለ ተረጎምኩላት። አስካለ ቀና ብላ አየችኝ።

«የለም» አልኩ።

ወንበሬን በጎን አድርጌ ተቀመጥኩ፣ መሀረቤን አወጣሁ። እንዲህ ያለ ጥሩ ተርጓሚ አይታችሁ አታውቁም። የመንግሥቱ ጠበቃ ጀመረ።

«እርስዎ ከአገር ሲሰደዱ እሱ ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ልጅ ነበር» አለች አስካለ።

«ልጅ። ከልጅ ጋር ምን ያወራሉ?»

«አሁን ልጅ አይደለም። ስለ እናቴ እናወራለን።»

«ሁልጊዜ ስለ ሞተች ሴት?»

«ስለ ሽንኩርት ዋጋም እናወራለን» አለች። ዳኛዋ ፈገግ አለች፤ እሱ አላለም። ፎቶውን አነሳ። ፏፏቴውን፣ ኬኩን፣ ቬሎውን አንድ በአንድ በእስኪርቢቶው ጫፍ ነካ።

«ኬኩ ምንድነው?»

«ካርቶን ነው።»

«ልብሱ?»

«ኪራይ ነው።»

«ኬኩ ካርቶን፣ ልብሱ ኪራይ። ባልየውስ?»

ይህንን አማርኛ አድርጌ ለአስካለ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ በራሴ ድምፅ። ጋሽ ሱሩር እንዳሉት ሳልጨምር ሳልቀንስ። እሷም «ባሌ የራሴ ነው» አለች።

«ይህን ፎቶ ተነሱ፣ የሠርግ ነው ብላችሁ ስጡ ብሎ የመከራችሁ ማነው?»

ተረጎምኩ። ጋሽ ሱሩር ፊት አትዪ ስለሚሉ ጠረጴዛውን ነው የማየው። የአስካለ እጆች ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ በሳሙና የነጣ ቆዳ፣ ጥፍሯ አጭር። እጆቿ ቆሙ። ስሜን ብትጠራ ልትድን ትችል ይሆናል። እውነት እላችኋለሁ፣ ትጥራው ብዬ ጸለይኩ፤ ወዲያው ደግሞ አትጥራው ብዬ ጸለይኩ።

«ማንም አልመከረኝም» አለች። «እኔ ራሴ ነኝ ያሰብኩት።»

ዳኛዋ እኔን ትጠብቃለች። የመንግሥቱ ጠበቃ እኔን ይጠብቃል። አፌን ከፈትኩና በእንግሊዝኛ «ማንም አልመከረኝም፤ እኔ ራሴ ነኝ ያሰብኩት» አልኩ።

ስወጣ አስካለ ኮሪደሩ ላይ ኮቷን እየለበሰች ነበር። «ለምን?» አልኳት። «እርስዎ የልጅ ልጅ ያለዎት ሰው ነዎት፤ ምን ያደርጉዎት ይሆን ብዬ ነው» አለችኝ። ይሉኝታ ነው። እኛን የሚገድለን ይሉኝታ ነው፤ እሷ አፍራ ተሸከመችልኝ፣ እኔ አፍሬ አሸከምኳት።

ውሳኔው በፖስታ መጣ። ይግባኙ ውድቅ ሆነ። «ባለጉዳዪቱ የሐሰት ማስረጃ በራሷ ሐሳብ እንዳዘጋጀች አምናለች» ይላል። እሷ በአማርኛ ነው ያለችው። ያንን እንግሊዝኛ ያወጣው የኔ አፍ ነው።

ጋሽ ሱሩር ተሽሏቸው ጄን ኤንድ ፊንች የሚባለው ሠፈር ቤታቸው ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳቸው። የመናደድ ልማዳቸው ብርቱካን መላጥ ነው። ልጣጩን ሳይቆርጡ አንድ ላይ አወረዱት፣ ፍሬውን ፈለጡት፣ ብቻቸውን በሉት፤ ለኔ አንዲት አልሰጡኝም። ጨርሰው እጃቸውን ጠረጉ።

«ዳኛዋ ስትጠይቅሽ ከወንበሩ መነሳት ነበረብሽ።»

«ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የተረጎምኩት ጋሽ ሱሩር።»

«እኔ ያን ያስተማርኩሽ የሰውን ነገር እንድትጠብቂበት ነው፤ ራስሽን እንድትደብቂበት አይደለም!» ብለው ጮኹብኝ። በማውቃቸው ዘመን ሁሉ ሲጮሁ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ተነሺ። ዛሬውኑ ሂጂና ስምሽን ስጪ።»

ሄድኩ። ጠበቃዋ ስትሰማ ያለችኝን አልጽፈውም፤ መጽሔቱ ልጆችም ያነቡታል። ከዚያ ተቀመጠችና ቃሌን በመሐላ ጻፈች፤ እያነበበችልኝ ፈረምኩ። አዲስ ማመልከቻ ተጀመረ። በዚህኛው ያንን የከሉን ፎቶ አስቀደሙት። አዲስ አበባ የሠፈራቸው ዕድር ጸሐፊ ከመዝገቡ ገልብጦ ማኅተም የመታበት ደብዳቤ ላከ፤ እናቲቱ የተቀበሩበት ቀን፣ አርባቸው የወጣበት ቀን፣ ጋብቻው በሐዘን ምክንያት ያለ ከበሮ መፈጸሙ፣ ሁሉም አለበት። የዕድር መዝገብ ከመጀመሪያውም ነበር። ማንም ያልጠየቀው እኔ ነጭ ልበሱ ስላልኩ ነው።

እኔን ከዚያ ክፍል አስወጡኝ፤ ተገቢ ነው። እስከ ጡረታዬ ሆስፒታል ውስጥ ሠራሁ። አለቃችን አንድም ሰው አላስቀየመችም ያለችው ይህንን ሳታውቅ ነው።

ታምራት ገባ። የመጀመሪያው ማመልከቻ ከገባ አራት ዓመት ከምናምን ሆኖት ነበር። ኤርፖርት አልሄድኩም፤ በምን ዓይኔ? ሬክስዴልን ለቀው ክሬሰንት ታውን አፓርታማ ያዙ። እኔ ስምንት ወር ፈርቼ ቆየሁና አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ታምራት ነው፤ ሽርጥ አድርጓል፣ ፋብሪካ ቆርቆሮ ሲያሽግ የከረመ እጁ ተፈግፍጓል። ጎንበስ ብሎ ሳመኝና ወደ ምድጃው ተመለሰ።

አስካለ ሶፋው ላይ ነበረች። አርባ አምስት ሆኗታል። ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ነገርኳት።

«ያን ቀን ዝም ያልኩት ሥራዬን ፈርቼ ነው። ይቅር በይኝ አስካለ።»

«ዶክተር ጋ ሄደን ነበር» አለችኝ።

«ምን አለሽ?»

«ከአምስት ዓመት በፊት ለምን አልመጣሽም አለኝ።» ቀና አለች። «ምን ልበለው እትዬ? ፎቶ እየተነሳሁ ነበር ልበለው?»

ቪዛ ነው የከለከሉን ይላል ሰው፤ ቪዛውማ መጣ። የከለከሏት ልጅ ነው። እነሱ በማስያ የአሥራ ስድስት ዓመት ልዩነት አስልተው ከለከሏት፤ እኔ በደግነቴ ከለከልኳት።

«ይቅር በይኝ» አልኳት እንደገና።

«አልልዎትም» አለች። «ዛሬ አልልዎትም። ዳኛዋ ፊት ብቆጣ ጥፋተኛ እመስላለሁ ብዬ ዋጥኩት። እርስዎ ፊት ብቆጣ ታላቄ ናቸው ብዬ ዋጥኩት። እሱ ፊት ብቆጣ ስንት ጠብቆ መጥቷል ብዬ ዋጥኩት። በቃኝ፣ ዛሬ ልቆጣ።»

«ተቆጪ ልጄ።»

«ልጄ አይበሉኝ!»

«እሺ።»

ታምራት ማማሰያውን እንደያዘ ብቅ አለ። «አስኩ፣ እንግዳ እኮ ናቸው!»

«አንተ ሽንኩርትህን ጠብቅ!» አለችው። ተመለሰ።

ተቆጣች። ስለ ቬሎው ተቆጣች፣ ስለ ካርቶኑ ኬክ፣ ስለ ኦታዋው ስልክ፣ አይዞሽ ስላልኳት። ዳንፎርዝ ላይ ስለሚስቁባት ሰዎች ተቆጣች፤ እኔም ከነሱ አንዷ ይመስል አልተከላከልኩም። እያንዳንዱን ወር ቆጠረችልኝ። እኔ ኮቴን አወለቅሁና ተቀመጥኩ። ታምራት ምሳውን አምጥቶ መካከላችን አስቀመጠ፤ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን እያየ እጃችንን አስታጠበን። እሷ አላቋረጠችም። በግራ እጇ ጠረጴዛውን እየመታች፣ በቀኝ እጇ ጠቅልላ ትልቅ ጉርሻ አደረገችና ወደ አፌ ዘረጋች።

ጎረስኩ። እሷም ካቆመችበት ቀጠለች።